የድሮ የግንባር ባትሪን በአዲስ ኤልኢዲ ማደስ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተፈታ የግንባር ባትሪ። ሦስት ትንንሽ ኤልኢዲዎች በቅርበት ይታያሉ።]

ሰላም ለሁላችሁም። መሳቢያ ውስጥ የተረሳ የግንባር ባትሪ ካላችሁ እንዳትጥሉት። ማሰሪያው ደህና ከሆነ፣ ማብሪያ ማጥፊያውም ከሠራ፣ ያረጀው መብራቱ ብቻ ነው። መብራቱ ደግሞ ይቀየራል። ዛሬ የምንሠራው እሱን ነው።

ይሄ የምታዩት ሦስት ቀጫጭን ድንጋይ የሚጎርስና ሦስት ኤልኢዲ ያለው ዓይነት ነው። የፈረንሳዩ ፔትዝል እ.ኤ.አ. በ2000 ቲካ የተባለውን ካወጣ በኋላ ብዙዎች አስመስለው ሠርተውታል። ሰሜን ተራሮች ላይ ድንኳን ተክሎ ያደረ ሰው ያውቀዋል። ራስ ደጀን ለመውጣት በሌሊት ሲነሱ ያለ እሱ አይሆንም። ቤት ውስጥም መብራት ሲጠፋ ሁለት እጅ ነፃ የሚያደርግ ሌላ ነገር የለም።

[ምስል፦ የድሮው ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ ሲያርፍ።]

ወረቀቱን እዩት። ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ለምን?

ነጭ ኤልኢዲ ውስጡ ሰማያዊ ነው። ደማቁን ሰማያዊ ኤልኢዲ ሹጂ ናካሙራ ኒቺያ በተባለው የጃፓን ኩባንያ ውስጥ ሆኖ ሠራው፤ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በ1996 ደግሞ ኩባንያው በላዩ ቢጫ ፎስፈር (ከሰማያዊው ብርሃን ከፊሉን ወስዶ ቢጫ አድርጎ የሚያወጣ ንጥረ ነገር) አልብሶ ነጩን አወጣ። ናካሙራ በ2014 ከአካሳኪና ከአማኖ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ያገኘው በዚሁ ሥራ ነው። ሰማያዊና ቢጫ ሲቀላቀሉ ዓይናችን ነጭ ይለዋል። ቀይ ግን እዚያ ውስጥ በጣም ትንሽ ነው።

ይሄ ምን ያመጣል? መብራት በጠፋበት ማታ ቡና ቆልታችሁ ታውቃላችሁ? በዚህ ብርሃን ፍሬው ከቡናማ ወደ ጥቁር የሚያልፍበትን ጊዜ መለየት መከራ ነው። በርበሬ ግራጫ ይመስላል። ተራራ ላይ እግሩን የተቆረጠ ሰው ብትረዱ ደሙና ጭቃው አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ አዲስ ኤልኢዲ ስትመርጡ የሉመን (የብርሃን መጠን) ቁጥር አያጓጓችሁ። መጀመሪያ የምታዩት ቀለምን ምን ያህል በትክክል ያሳያል የሚለውን ነው። መለኪያው ሲአርአይ ይባላል፤ ጣሪያው 100 ነው። የድሮዎቹ ብዙ ጊዜ 70ዎቹ ውስጥ ናቸው። እናንተ 90 እና ከዚያ በላይ ፈልጉ። የቀለም ሙቀቱ (ብርሃኑ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ማድላቱን የሚነግረው ቁጥር) ደግሞ 4000 ወይም 4500 ኬልቪን ይሁን።

ኒቺያ 519ኤ ጥሩ ነው። ሳምሰንግ ኤልኤች351ዲም ባለ 90 አለው። ኤልኢዲው ራሱ 3.5 ሚሊ ሜትር በ3.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። በእጅ መበየድ ስለሚያስቸግር ኮከብ መሰል የአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ ተበይዶ የሚሸጠውን ግዙ። ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ሲመጣ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይመጣል።

[ምስል፦ መሣሪያዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው።]

የሚያስፈልገን ትንሽ ካቻቢቴ፣ መበየጃ፣ ቴስተር፣ ወረንጦ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሙቀት የሚያስተላልፍ ማጣበቂያ፣ እና ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ አሉሚኒየም ነው። የለስላሳ ቆርቆሮ አይሆንም፣ በጣም ስስ ነው።

ድንጋዮቹን አውጡ። ብሎኖቹን ፍቱ። ብሎን ካልታየ ማሰሪያው ሥር ወይም የተለጠፈው ወረቀት ሥር ፈልጉ። ከመንካታችሁ በፊት ሽቦዎቹን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ፖዘቲቩ የቱ እንደሆነ ኋላ ያስፈልጋል። ድንጋዩ የሚነካባቸው ሞላዎች ላይ ነጭ ዱቄት ካያችሁ አሮጌ ድንጋይ አፍስሶ ነው። ጥጥ አቼቶ ውስጥ ነክራችሁ ጥረጉት፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ አድርቁት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ወደ ሙቀት።

[ምስል፦ የድሮው ኤልኢዲና አዲሱ ጎን ለጎን።]

የድሮው 5 ሚሊ ሜትር ኤልኢዲ እያንዳንዱ 20 ሚሊአምፔር ገደማ ነው የሚወስደው። ሦስቱ ተደምረው 0.2 ዋት አካባቢ ናቸው። ይሄ ምንም አያሞቅም። ለዚያ ነው የባትሪው ቤት ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ የሆነው። አዲሱ ኤልኢዲ ግን ከ1 ዋት በላይ መሸከም ይችላል። ከሚወስደው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ በጀርባው በኩል ይወጣል። ፕላስቲክ ደግሞ ሙቀት አያሳልፍም። ብዙ ሰው አዲሱን ኤልኢዲ ገዝቶ፣ ሙሉ ኃይል ለቆበት፣ በሳምንቱ የሚያቃጥለው እዚህ ጋ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ኮከቡ ሥር አሉሚኒየም ማስቀመጥ። ቤቱ ውስጥ የሚገባውን ያህል ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ ፊቱንም አሹት። ሁለተኛ፣ ኃይሉን መመጠን። ይህ ኤልኢዲ በ350 ሚሊአምፔር ወደ 100 ሉመን ይሰጣል። በግማሹ ብናበራው ከ50 ሉመን በላይ እናገኛለን። ለድንኳን፣ ለማብሰል፣ ለማንበብ፣ ለእግር መንገድም ይሄ ከበቂ በላይ ነው። ከድሮው ጋር አጠገብ ለአጠገብ ስታበሩት ታዩታላችሁ።

[ምስል፦ ወረቀት ላይ የሚጻፍ ስሌት።]

ኃይሉን የሚመጥነው አንድ ሬዚስተር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፣ አብረን እንሥራው። ሦስት አዲስ አልካላይን (ቻርጅ የማይደረግ) ድንጋይ 4.5 ቮልት ነው። ኤልኢዲው በዚህ መጠን ሲበራ ወደ 2.8 ቮልት ይይዛል። ሬዚስተሩ ላይ የሚቀረው 1.7 ቮልት ነው። ባለ 10 ኦም ሬዚስተር ብንመርጥ፣ 1.7ን ለ10 ስናካፍል 0.17 አምፔር፣ ማለትም 170 ሚሊአምፔር ይመጣል። የፈለግነው ይሄው ነው። ሬዚስተሩ ራሱ 0.3 ዋት ገደማ ስለሚበላ ባለ ግማሽ ዋቱን ግዙ። ሩብ ዋቱ ይነዳል። ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድ ብርሃኑም ቀስ እያለ ይደክማል፣ ድንገት ድርግም አይልም። በአንድ ዙር ድንጋይ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ገደማ ያበራል።

ይሄ ስሌት የሚሠራው ማብሪያው ተራ ማብሪያ ሲሆን ነው። አዝራሩን ስትጫኑ ደመቅ፣ ደብዘዝ፣ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ውስጡ ትንሽ ሰርኪዩት አለ። እሱን በአዲሱ ኃይል አታስጨንቁት። በተራ ማብሪያ ቀይሩት።

[ምስል፦ መበየጃው ኮከቡን ሲነካ።]

ብየዳ። ቅደም ተከተሉ እዚህ ጋ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ሽቦዎቹን ኮከቡ ላይ በይዱ፣ ከዚያ ነው ኮከቡን አሉሚኒየሙ ላይ የምታጣብቁት። ገልብጣችሁ ከሠራችሁት አሉሚኒየሙ የመበየጃውን ሙቀት ሁሉ ይጠጣዋል፣ ሶልደሩም አይቀልጥላችሁም። የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ ኮከቡ ላይ ተጽፏል። መሐል ያለችውን ቢጫ ነገር በጣት አትንኩ። ላይዋ ለስላሳ ሲሊኮን ነው፣ ይቀደዳል። መስኮት ክፈቱ፣ ስትጨርሱም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሶልደር ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል።

የድሮዎቹን ሦስት ኤልኢዲዎችና ሬዚስተራቸውን ከነሰሌዳቸው አውጡ። አዲሱን ሬዚስተር ከማብሪያው በሚመጣው የፖዘቲቭ ሽቦ ላይ ቀጥሉ። የተበየደውን ቦታ ሁሉ በናስትሮ ሸፍኑ። ኮከቡ ላይ የተበየደው ሶልደር አሉሚኒየሙን እንዳይነካ ደግሞ በደንብ እዩ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የድሮው ኤልኢዲ ያ ክብ አናቱ ራሱ ሌንስ ነው። ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ፊት የሚልከው እሱ ነው። አዲሱ ግን ብርሃኑን አይሰበስብም፤ 120 ዲግሪ አካባቢ ይበትነዋል። እኔ ይሄን እወደዋለሁ። ድስቱንም፣ እጃችሁንም፣ አጠገባችሁ የተቀመጠውንም ሰው በአንድ ጊዜ ያሳያል። ሩቅ ማየት ለሚፈልግ ግን ለዚህ የኤልኢዲ መጠን የተሠራ ትንሽ የፕላስቲክ ሌንስ አለ። ከመግዛታችሁ በፊት የፊት ክዳኑን ጥልቀት ለኩ፤ የብዙዎቹ ክዳን ጥልቀት ስለሌለው አይገጥምም።

[ምስል፦ ቴስተሩ በመስመር ላይ ገብቶ፣ ቁጥሩ ይታያል።]

ሳትዘጉት ሞክሩት። ቴስተሩን በመስመሩ ላይ አስገቡና ለኩ። 170 ሚሊአምፔር አካባቢ ካያችሁ ደህና ነው። ሲበራ በቀጥታ አትዩት። 10 ደቂቃ ካበራችሁት በኋላ አሉሚኒየሙን በጣት ንኩ። ጣታችሁ መቆየት ከቻለ ጨርሳችኋል። ካልቻለ 15 ኦም አድርጉት። ሲዘጋ አየር ስለማያገኝ ይበልጥ ይሞቃል፣ እዚህ ላይ ቸልተኛ አትሁኑ። የጎማ ማተሚያውን ወደ ቦታው መልሱ፤ ዝናብ የሚከለክለው እሱ ነው።

የመጨረሻው ነገር ድንጋይ ነው። ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ድንጋይ እያንዳንዱ 1.2 ቮልት ነው፣ ሦስቱ 3.6። በ10 ኦም ብታበሩት 80 ሚሊአምፔር ብቻ ይደርሰዋል። ሁልጊዜ ቻርጅ የሚደረገውን የምትጠቀሙ ከሆነ 4.7 ኦም አስገቡ፣ ያው 170 ይመጣል። ግን በዚያው ባትሪ ላይ አንድ ቀን ሰው አልካላይን ቢያስገባበት ከ350 በላይ ያልፋል፣ ሬዚስተሩም ኤልኢዲውም ይግላሉ። ቁመቱ ተመሳሳይ የሆነ ባለ 3.7 ቮልት ሊቲየም ደግሞ አለ። ሦስቱ ሲደረደሩ ከ11 ቮልት በላይ ስለሆኑ ወዲያው ያቃጥሉታል።

ስለዚህ ክዳኑን ስትዘጉ በማይለቅ እስክሪብቶ የክዳኑ ውስጥ ላይ ጻፉ፦ የሬዚስተሩን መጠን፣ የድንጋዩን ዓይነት፣ የቀየራችሁበትን ዓመት። ለወንድማችሁ ብታውሱት፣ ድንጋይ ሲቀይር የሚያየው እሱን ነው።