የእማዬ ደብተር፦ ከዱከም እስከ አዳማ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላ ድምፅ ከሰማችሁ የጎረቤት አውራ ዶሮ ነው፤ ሰዓት አያውቅም፣ ታገሡኝ።

ባለፈው በዓል እቤት ክርክር ተነሣ። ወንድሜ ዱባይ ሠርቶ በላከው ገንዘብ ቢሾፍቱ ቤት ገዝቷል። እኛ ያደግንበት ቤት ደግሞ ሞጆ ነው። «የኔ በሁለት ዓመት እጥፍ ሆነ፣ የናንተ እዚያው ቆሟል» አለ። ነገሩ ከነከነኝ። ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ ከአዲስ አበባ አዳማ ድረስ መቶ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ታዲያ የአራቱን የቤት ዋጋ በየዓመቱ ጎን ለጎን ላስቀምጥ ብዬ ተነሣሁ።

መጀመሪያ ደላላ ጋ ሄድኩ። ዛሬም ናዝሬትና ደብረ ዘይት የሚሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። «የተጠራበትን ነው የተሸጠበትን የምትፈልገው?» አሉኝ። ለካ የሚጠራው ሻጭ የተመኘው ነው። ውሉ ላይ የሚሰፍረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለግብር ሲባል ዝቅ ይላል። ትክክለኛዋን ዋጋ ሻጭ፣ ገዢና ደላላ ብቻ ይዘዋት ይቀራሉ። በዚያ ላይ አንዱ ካርታ ያለው፣ አንዱ ሊዝ፣ አንዱ ከገበሬ የተገዛ ባዶ ቦታ፤ ሁሉም «ካሬው ስንት ነው» በሚል ጥያቄ ውስጥ ይቀላቀላል። የዱከምን የገበሬ ቦታ ከአዳማ ባለ ካርታ ቪላ ጋር አወዳድሬ «ዱከም ርካሽ ነው» ብል ምን ተናገርኩ?

የረዳችኝ እማዬ ናት። የሰፈር ዕቁብ ጸሐፊ ነበረች፤ በዕቁብ ደብተሯ ጀርባ ቤት በተሸጠ ቁጥር ዋጋውን ጽፋለች። አክስቴ ከአዳማ የነገረቻትም አለበት። ከእያንዳንዱ ዋጋ ጎን በእርሳስ ሌላ ቁጥር አለ። ምንድነው አልኳት።

«ጤፍ ነዋ! ያን ሰሞን ስንት ኩንታል ይገዛ እንደነበር። ብሩማ ምን ይነግረኛል?»

በጤፉ የታወቀው የአድአ አካባቢ ሰው ጤፍን መለኪያ ቢያደርግ አይገርምም። እኔ ግን ደነገጥኩ። በብር ሳየው አራቱም ከተማ ዳገት ነው። በጤፍ ሳካፍለው ዳገቱ አብዛኛው ሜዳ ሆነና እዚህም እዚያም ጉብታ ቀረ። ጉብታው ደግሞ በየከተማው የተለያየ ጊዜ ላይ ነው። አዳማ ላይ በ1992 የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ ወደዚያ ሲዛወር ብቅ ይላል፤ መቀመጫው በ1997 ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ይረግባል። ቢሾፍቱ ቀድሞም ሐይቆቹ አሏት፤ የፍጥነት መንገዱ በ2007 መጀመሪያ ሲመረቅ የአዲስ አበባ ሰው ለቅዳሜና እሑድ ይጎርፍ ጀመር። አሁን ደግሞ እዚያው አጠገብ አቡሴራ ላይ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ ያስተናግዳል የተባለ አውሮፕላን ማረፊያ ሊኖር ነው፣ ደላላው ሁሉ አፉ ላይ እሱ ነው። ዱከም ከኢንዱስትሪ ዞኑ ወዲህ ገዢ የሚጠይቀው ሳሎኑን አይደለም፤ ግቢው ውስጥ ስንት ኪራይ ክፍል ተደርድሯል ነው። ሞጆአችን ደረቅ ወደብ አላት። ወደቡ የሚያመጣው ግን ከባድ መኪና ነው፣ ከባድ መኪና ደግሞ የሚፈልገው ቦታ እንጂ ቤት አይደለም። የቆዳ ፋብሪካዎቹን ሽታ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እሱን ልለፈው።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወር ውስጥ ከ100 አለፈ። ድርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ ደወልኩለት፦ «በገዛህበት በድርሃም ብታስበው ስንት ጨመረ?» ዝም አለ። ከዚያ «ስልኩ እየተቆራረጠ ነው» አለኝ። አልተቆራረጠም።

እሑድ ሞጆ መጣ። እማዬ ቡና እያፈላች ነበር። «እማ፣ ያንን ደብተር አምጪና የኔንም ጻፊልኝ» አላት። ደብተሩን አመጣች፣ መነጽሯን አደረገች፣ እርሳሱን ያዘች።

«ለማን ሸጥከው?»

«ኧረ አልሸጥኩትም።»

ደብተሩን ዘጋችና «በል ሲኒውን አቀብለኝ» አለችው።