እስቲ ራሳቸው ይነሱ

ሰላም ለሁላችሁ። ስትሮክ ገጥሟችሁ በማገገም ላይ ያላችሁም፣ የምታስታምሙም፣ ስለመጣችሁ ደስ ብሎኛል። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ዛሬ የማወራው በዋናነት ለአስታማሚዎች ነው፤ ታማሚዎች ግን ስሙኝና ቤት ስትገቡ አስታውሷቸው።

ብዙ ጊዜ የማየው ነገር አለ። አባት ከወንበር ለመነሳት ገና ጎንበስ ሲሉ ልጅ ሮጦ ይመጣና የደከመውን እጃቸውን ስቦ ያቆማቸዋል። ከፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን ስትሮክ ያላላውን ትከሻ ጡንቻው አጥብቆ ስለማይዘው ሲሳብ ቶሎ ይጎዳል፤ ሕመሙ ከጀመረ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል። በዚያ ላይ አባትየው ሊሠሩት የነበረውን ስፖርት እኛ ሠራንላቸው። አዎ፣ ከወንበር መነሳት ስፖርት ነው።

ስትሮክ የሚባለው ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በረጋ ደም ሲዘጋ፣ ወይም የደም ሥሩ ሲፈነዳ ነው። የሞተው የአንጎል ክፍል አይመለስም። የተረፈው ግን የሌላውን ሥራ መልመድ ይችላል፤ የሚለምደውም በመደጋገም ነው። አምስት ስድስት ጊዜ አይበቃም፣ በመቶዎች ነው የምላችሁ። የሚለምደውም የሠራውን ነው፦ ብርጭቆ መያዝ የፈለገ ብርጭቆ ያንሳ፣ መራመድ የፈለገ ይራመድ። ተኝቶ ሌላ ሰው እግሩን ቢያጥፍ ቢዘረጋለት መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ይረዳዋል እንጂ አያስኬደውም።

እጅማ ይብሳል። ደህናው እጅ ሁሉንም ነገር ስለሚሠራ የደከመው እጅ ቀስ በቀስ ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ በታተመ ጥናት ላይ ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው 222 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ግማሽ ያህሉ ለ2 ሳምንት ደህናውን እጃቸውን በወፍራም ጓንት ሸፍነው በደከመው ብቻ ሲለማመዱ ከሌሎቹ የበለጠ ተሻላቸው፣ ከዓመት በኋላም አልጠፋም። ይህ የሚሆነው ግን የእጁን አንጓና ጣቶቹን ትንሽም ቢሆን መዘርጋት ለሚችል ሰው ነው።

ማሽን የለንም ብላችሁ የምትጨነቁ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት 408 ሰዎችን ይዞ፣ በማንጠልጠያ ተደግፎ ትሬድሚል በሚባለው የመራመጃ ማሽን ላይ መራመድን ቤት ውስጥ ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ከሚሠራ የጥንካሬና የሚዛን ልምምድ ጋር አወዳደረ። በዓመቱ ሲታይ በሁለቱም በኩል ግማሽ ያህሉ አካሄዳቸው ተሻሽሏል። ይህን ለብዙ ቤተሰብ ነግሬያለሁ፣ ፊታቸው ሲፈታ ማየት ደስ ይለኛል።

ግን አትጣደፉ። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ብዙ ማንቀሳቀስ ሊጎዳ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት ታይቷል። መቼ እንደሚጀመር ሐኪሙ ይወስናል። ከዚያ በኋላ አቅም እየታየ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን፣ ከ20 ደቂቃ ጀምሮ መራመድ ወይም ብስክሌት ጥሩ ነው፤ ካቃተ አሥር አሥር ደቂቃ እያደረጋችሁ ከፋፍሉት። ልኩ ቀላል ነው፦ ትንሽ ያለከልካል ግን ማውራት ይችላል። ትንፋሽ አፍኖ መግፋት የለም፣ የደም ግፊት ያንራል። ደረት ካመመ ወይም ካዞረ ወዲያው ማቆም ነው፤ ፊት ከተጣመመ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ወይም እጅ ወይም እግር እንደ አዲስ ከደከመ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

«ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ለውጥ የለም» የሚሏችሁን አትስሟቸው። ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይመጣል፣ እውነት ነው። ዓመት ካለፋቸው በኋላ ግን በልምምድ አካሄዳቸው የፈጠነ ሰዎች አሉ።

እሺ፣ አሁን አብረን እንሞክራት። ወደ ወንበሩ ጠርዝ ጠጋ በሉ። እግራችሁን ከጉልበት ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡ፤ የደከመው እግር ከደህናው ትንሽ ኋላ ይሁን፣ እሱም ሸክሙን እንዲካፈል። አስታማሚዎች፣ በደከመው ጎን ቁሙ፣ እጃችሁ ከወገባቸው ጀርባ ቅርብ ይሁን እንጂ አትንኳቸው። አፍንጫችሁ ከእግር ጣታችሁ በላይ እስኪደርስ ጎንበስ በሉ። አትቸኩሉ። አሁን ግፉ… ቁሙ። ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ።

አንድ አልን። ዘጠኝ ቀረን።