ሌላስ ማን ሊሆን ይችላል?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። በጣም ስለምወደው አንድ ጨዋታ ላወራችሁ ነው። እዚህ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ካፌዎች በአንዱ፣ ማታ ማታ በቡድን ተከፋፍለን የምንጫወተው የፍንጭ ጥያቄ አለ።

ሕጉ ቀላል ነው። ጠያቂው ስለ አንድ ሰው ወይም ቦታ 5 ፍንጮች ይዞ ይመጣል፣ አንድ በአንድ ያነባል። በመጀመሪያው ፍንጭ ካገኛችሁት 5 ነጥብ፣ በሁለተኛው 4፣ እንዲህ እያለ በመጨረሻው 1። መልሱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ትሰጣላችሁ። ከሰጣችሁ በኋላ መቀየር የለም። ከሳታችሁ ለዚያ ጥያቄ ዜሮ።

ብዙ ሰው ብዙ የሚያውቅ ቡድን ያሸንፋል ብሎ ያስባል። እኔ አልስማማም። ካየኋቸው ሁሉ ነጥብ የሚሰበስቡት፣ መልሱ የመጣላቸው ሲመስላቸው "ሌላስ ማን ሊሆን ይችላል?" ብለው የሚጠይቁት ናቸው።

ባለፈው የወጣውን ጥያቄ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ፍንጭ፦ ክብር ዘበኛ ውስጥ ያገለገለ ኢትዮጵያዊ። በዚህ ማንም አልተነሳም። ሁለተኛው፦ በኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ወስዷል። በቃ፣ ቤቱ ተነቃነቀ። አበበ ቢቂላ ነዋ! በፈረንጆቹ 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ደግሞ ቶኪዮ። ማን ይረሳዋል? ከየጠረጴዛው ወረቀት መጉረፍ ጀመረ። እኛ ቡድን ውስጥ አንዲት አስተማሪ አለች። ወረቀታችንን በመዳፏ ሸፈነችውና "ማሞ ወልዴስ?" አለች። እውነቷን ነው። ማሞም የክብር ዘበኛ ሰው ነው፣ የ1968ቱን የሜክሲኮ ማራቶን ያሸነፈውም እሱ ነው። ጠበቅን። ሦስተኛው ፍንጭ መጣ፦ በ10,000 ሜትርም የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አለው። ማሞ! እዚያው ሜክሲኮ ላይ ብር ወስዷል። እኛ 3 ነጥብ፣ አበበን የጻፉት ዜሮ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንኳ እዚህ አይሠራም፣ የፈሰሰው አይለቀምም።

ሒሳቡን እንየው። በሁለተኛው ፍንጭ ላይ ሁለት እኩል የሚያስኬዱ ስሞች ከያዛችሁ፣ 4ቱ ነጥብ በአማካይ 2 ማለት ነው። ጠብቃችሁ እርግጠኛ ብትሆኑ 3 ነው። ስለዚህ በዚያ ሰዓት መጻፍ የሚያዋጣው ከ4 ጊዜ 3ቱን የምትመቱት ከመሰላችሁ ነው። አራተኛው ፍንጭ ላይ ግን ግማሽ በግማሽ ከሆናችሁ ጻፉ፣ ብትጠብቁም ከ1 ነጥብ በላይ አይመጣም። ወደ መጨረሻ ስትሄዱ ድፍረት ጨምሩ፣ መጀመሪያ ላይ ቆጠብ በሉ።

ጠያቂውንም አስቡት። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር መጀመሪያ አያነብም። አበበን ቢፈልግ ባዶ እግሩን አምስተኛ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። መጀመሪያ ላይ "ትልቁን ድሉን ያገኘው ጳጉሜን 5 ቀን ነው" ሊል ይችላል። የሮም ማራቶን የተሮጠው በእኛ አቆጣጠር በ1952 የመጨረሻ ቀን ነውና። ይህቺን ፍንጭ አንድ ቀን ቢሰጠኝ ደስታዬን አልችለውም።

ደግሞ ግሱን አድምጡ። በአማርኛ "ወሰደ" ወይም "ወሰደች" ሳይሉ ማለፍ ከባድ ነው። ጎበዝ ጠያቂ "ወስደዋል" ብሎ በአንቱታ ይሸሸጋል። "በ10,000 ሜትር ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ ወስደዋል" ቢላችሁ አራት የኢትዮጵያውያን ስም አለ፦ ደራርቱ፣ ኃይሌ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ። "ወስዳለች" ካመለጠው ሁለት ቀሩ። ቀጥሎ "በሁለቱ ድሎች መካከል 8 ዓመት አለ" ካለ ደራርቱ ናት፣ ባርሴሎና 1992 እና ሲድኒ 2000።

የሐይቅ ጥያቄም ያው ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ፣ የሚወጣለት ወንዝ የለውም፤ ይህ የኛው ሐዋሳ ነው ብላችሁ ልትነሱ ትችላላችሁ። ጥቁር ውሃ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ሻላና አብያታም ግን እንደዚያው ናቸው። ውሃው ጨዋማ አይደለም የሚል ፍንጭ ሲመጣ ነው እነሱ የሚወጡት።

አንድ ነገር ደግሞ በቡድን ለምትጫወቱ። ፍንጩ እንደተነበበ አፍ አትክፈቱ። እያንዳንዱ የመጣለትን ስም በየራሱ ይጻፍ፣ ከዚያ ተነጋገሩ። አንድ ሰው "አበበ!" ብሎ ከጮኸ የሌላው ሁሉ ሐሳብ ወደዚያው ይነዳል። ያቺ አስተማሪ ማሞን ያገኘችው እኛ ከማንሾካሾካችን በፊት ነበር።

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ግን ያልኳችሁ ሁሉ ይገለበጣል። በ4 ነጥብ እየተመራችሁ ከሆነ 3 ነጥብ ለማሸነፍ አይበቃችሁም፤ ሁለትም ሦስትም ስም ቢኖራችሁ አንዱን መርጣችሁ በመጀመሪያው ፍንጭ ጻፉ። በ5 የምትመሩት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ማኪያቷችሁን እየጠጣችሁ አምስተኛውን ፍንጭ ጠብቁ። ያቺ 1 ነጥብ ትበቃችኋለች።