«ሰጥቼዋለሁ» ብቻ አይበቃም፦ የኪራይ ሰነድ ስለማስረከብ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ስልካችንን ያጨናነቁት አከራዮች ናቸው። ከካሳንቺስ፣ ከልደታ፣ ከአራት ኪሎና ከፒያሳ ደወሉ። የብዙዎቹ ጭንቀት ተመሳሳይ ነው፦ «ወረቀቱን ለተከራዬ ሰጥቼዋለሁ። አልደረሰኝም ካለ ምን ይውጠኛል?» በቀጥታ ሥርጭቱ ሰዓቱ ስላልበቃን መልሱን ሰፋ አድርጌ እዚህ ጽፌዋለሁ።

መጀመሪያ ጥቂት ስለ ሕጉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ኪራይ በቃል የሚያልቅ ነገር አይደለም። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ ይመዘገባል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው ልክ ነው። ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል።

እንግዲህ ከአከራይ ወደ ተከራይ የሚሄደውን ወረቀት ቁጠሩት። የተመዘገበው ውል ቅጂ አለ። የቤት ርክክብ ዝርዝር አለ። የጭማሪ ደብዳቤ፣ ያልተከፈለ ኪራይ መጠየቂያ፣ የውል ማቋረጫ ማስጠንቀቂያ አለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኛው የሚጠይቁት ወረቀቱ በደንብ ተጽፏል ወይ ብለው ብቻ አይደለም። ለማን ተሰጠ? መቼ ተሰጠ? ምን ተሰጠ? እነዚህን ሦስቱን ማስረዳት የሰጪው ሸክም ነው።

ከካሳንቺስ የደወሉ እናት፦ «ግቢዬ ውስጥ ሰርቪስ ቤት አከራያለሁ። ልጁ የሦስት ወር ኪራይ አልከፈለኝም። ማስጠንቀቂያ አስጽፌ ቤት ስላልነበረ ለሠራተኛዋ ሰጠኋት። አሁን ሲጠየቅ ምንም አልደረሰኝም ይላል። ልከሰው እችላለሁ?»

እናቴ፣ ክሱን መመሥረት ይችላሉ። ግን ከዚያ በፊት ማስጠንቀቂያውን እንደገና ይስጡት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1772 በመርህ ደረጃ ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት ይላል። ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎች በቁጥር 1775 ተዘርዝረዋል፤ በእነዚያ ላይ ተማምኖ ክስ መጀመር ግን አይመከርም። ለሠራተኛዋ የሰጡት ወረቀት ደርሶት ሊሆን ይችላል። እሷ መጥታ ብትመሰክር መልካም ነው። ነገር ግን ደመወዝ በሚከፍላት ሰው ላይ ትመሰክራለች ብሎ ተስፋ ማድረግ ከባድ ነው።

አሁን እንዲህ ያድርጉ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱ ለተከራዩ፣ አንዱ ቀሪ። ከቀሪው ግርጌ ይህን ይጻፉበት፦ «የዚህን ደብዳቤ ዋና ቅጂ፣ 1 ገጽ፣ ተቀብያለሁ። ስም፣ ፊርማ፣ ቀን፣ ሰዓት።» ስሙንና ቀኑን ተከራዩ በራሱ እጅ ይጻፈው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ብዙ ሙግት የሚቆርጠው እሱ ነው። ፊርማዬ አይደለም የሚል ሰው ሙሉ ስሙንና ቀኑን በእጅ ጽሑፉ ጽፎ ከሆነ መካዱ ይከብደዋል። ቀኑን እርስዎ ሞልተው እሱ ፊርማ ብቻ ካሳረፈ ግን «የፈረምኩት ሌላ ጊዜ ነው» የሚል ክርክር ይከፈታል። የማስጠንቀቂያ ጊዜ የሚቆጠረው በቀን ስለሆነ ደግሞ የቀን ክርክር ቀላል ክርክር አይደለም።

ደብዳቤው ላይ የየትኛው ወር ኪራይ እንደቀረ፣ ስንት ብር እንደሆነና እስከ መቼ እንዲከፈል እንደሚፈልጉ ይግለጹ። «የማትከፍለኝ ከሆነ ውጣልኝ» የሚል ቁጣ ብቻ ከሆነ ዋጋው ዝቅ ይላል። የሚሰጡት ቀን ከአዋጁና ከውልዎ ጋር የሚሄድ ይሁን።

አንድ ነገር ልለምንዎ። እስከዚያው መብራት አይቁረጡ፣ ውኃ አይዝጉ፣ ቁልፍ አይቀይሩ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 መሠረት (ከዚህ በታች «ቁጥር» ብዬ የምጠቅሰውም ይህንኑ ሕግ ነው) «ሁከት ይወገድልኝ» የሚል ክስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ባለዕዳው ከሳሽ፣ እርስዎ ተከሳሽ ይሆናሉ።

ከልደታ ኮንዶሚኒየም አንድ አባት፦ «በሩን አንኳኩቼ ወረቀቱን ሳሳየው አልፈርምም፣ አልቀበልምም ብሎ ዘጋብኝ። በግድ አላስፈርመው!»

በግድማ አይሆንም። አልፈርምም ማለቱም ሰነዱ እንዳልደረሰው አያደርግም። ችግሩ አልቀበልም ማለቱን እርስዎና እሱ ብቻ ማወቃችሁ ነው። ሁለተኛ ሲሄዱ ብቻዎን አይሂዱ። ሁለት ሰው ይዘው ይሂዱ። ወንድም ወይም የሚስት ዘመድ አይሁኑ። ዘመድ እንዳይመሰክር የሚከለክል ነገር ስላለ አይደለም፤ ዳኛው የሚሰጡት ክብደት ስለሚለያይ ነው። የብሎኩ ኮሚቴ አባል፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ወይም ከሁለታችሁም ጋር ቡና የሚጠጣ ጎረቤት ይሻላል።

ደብዳቤውን ጮክ ብለው ያንብቡለት። አሁንም አልቀበልም ካለ እዚያው ደረጃው ላይ ቆማችሁ አጭር ቃለ ጉባኤ ጻፉ። የብሎክና የቤት ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት፣ ምን እንደተነበበ፣ እሱ ምን እንዳለ ይኑርበት። የተናገረውን በራሱ አባባል ጻፉት። «ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆነም» ከሚል ይልቅ «ወረቀትህን ይዘህ ሂድ፣ ፍርድ ቤት እንገናኝ ብሎ በሩን ዘጋ» የሚል ዓረፍተ ነገር የበለጠ ያስረዳል። ምስክሮቹ ከነሙሉ ስማቸውና ስልካቸው ይፈርሙ። አንድ ቅጂ በሩ ላይ ለጥፋችሁ ከነቤት ቁጥሩ ፎቶ አንሱ። በር ላይ መለጠፍ ፍርድ ቤት ራሱ መጥሪያ አልቀበልም ለሚል ሰው የሚጠቀምበት መንገድ ነው። የግል ደብዳቤ እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ አይቆጠርም፤ ነገር ግን ከምስክሮችና ከቃለ ጉባኤ ጋር ሲሆን በቅን ልቦና የተቻለዎትን ማድረግዎን ያሳያል።

ምስክሮቹን አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ ነገሩ ከተካረረ ችሎት ትመጣላችሁ? ፈርሞ ሲጠራ የሚጠፋ ምስክር አለ። እሱን ከማስፈረም አለማስፈረም ይሻላል።

ከአራት ኪሎ አንድ ወጣት፦ «የአባቴን ቤት የማስተዳድረው እኔ ነኝ። የጭማሪውን ደብዳቤ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬለታለሁ። ሁለት ጭረት አሳይቶኛል። ይበቃል?»

ወንድሜ፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ውድቅ እንዳይደረግ ይደነግጋል። ስለዚህ «ቴሌግራም ማስረጃ አይሆንም» የሚሉህን አትስማ። ይሁን እንጂ ይበቃል ብዬም አልሸኝህም።

ሁለቱ ጭረት መልእክቱ መከፈቱን ነው የሚያሳዩት። የከፈተው ማን እንደሆነ አያሳዩም። አካውንቱ የእሱ መሆኑን አንተ ታስረዳለህ። ሌላም አለ። ቴሌግራም ላይ ከሁለት አንዳችሁ ንግግሩን ከሁለታችሁም ስልክ ማጥፋት ትችላላችሁ። እሱ አንድ ቀን ማታ ሁሉንም ቢደመስሰው ባዶ እጅህን ትቀራለህ። ስለዚህ ዛሬውኑ የስልክ ቁጥሩ፣ ቀኑና ደብዳቤው አብረው እንዲታዩ አድርገህ ስክሪንሹት አንሳ። ሌላ ቦታም አስቀምጥ። ስልኩን ብትቀይርም አሮጌውን አትሽጠው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን መልስ እንዲሰጥህ ማድረግ ነው። «ደብዳቤው ደርሶሃል ወይ?» ብለህ ጠይቀው። «አዎ አየሁት፣ ግን በዛ» ብሎ ከመለሰ ያቺ አንዲት መስመር ከሁለቱ ጭረት እጅግ ትበልጣለች። ተቃውሞውን ሲጽፍ መቀበሉን እየነገረህ ነውና።

ከፒያሳ አንድ አድማጭ፦ «በፖስታ ቤት በአደራ ልኬ ደረሰኙን ይዣለሁ። ተከራዬ ፖስታው ደርሶኛል፣ ውስጡ ግን ባዶ ወረቀት ነበር አለ!»

ይህን ጥያቄ ስሰማ ሰው እንዴት እንደሚያስብ ገረመኝ። በአደራ ደብዳቤ፣ ብዙዎቻችን ሪኮማንዴ የምንለው፣ ጥሩ ማስረጃ ነው። ቸርችል ጎዳና ካለው ዋናው ፖስታ ቤት የተሰጠዎት ደረሰኝ ቀኑንና የተላከለትን ሰው ያረጋግጣል። ስለ ይዘቱ ግን ምንም አይልም። ያረጋገጠው ፖስታውን ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ ሳይከቱ ራሱን አጣጥፈው ይስፉት፤ አድራሻውም ማኅተሙም በደብዳቤው ጀርባ ላይ ይረፍ። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ እንዲህ ያለ መላኪያ የማይቀበል ከሆነ ደብዳቤው ሲታሸግ ያየ ሰው ይኑር፤ እሱም በቀሪው ላይ ይፈርም። ገጾቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ «ገጽ 1 ከ3» እያሉ ቁጥር ይስጧቸው። ብዙዎቻችን ደግሞ ቤታችን ድረስ ፖስታ አይመጣልንም። ተከራዩ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ከሌለው ወይም ሣጥኑ የመሥሪያ ቤቱ ከሆነ ደብዳቤው እዚያ ሊተኛ ይችላል። እኔ ብሆን ፖስታን ብቸኛ መንገድ አላደርገውም።

አንዲት ተከራይ፣ ቦታዋን መግለጽ ያልፈለገች፦ «አከራዬ ወረቀት አምጥታ ፈርሚ አለችኝ። ከፈረምኩ ተስማምተሻል እንዳልባል ፈራሁ።»

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል። ብዙ ተከራይ የሚሸሸው በዚህ ምክንያት ነው፤ አከራዮችም ይህን ብትረዱ ግማሹ ጠብ ይቀራል። በቁጥር 2005 መሠረት በጽሑፍ የሰፈረ ነገር በፈራሚዎቹ መካከል ጠንካራ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ከፊርማው በላይ ያለውን እያንዳንዱን መስመር አንብቢ። ደብዳቤ መሆኑን ካየሽ እንዲህ ብለሽ ጽፈሽ ፈርሚ፦ «በይዘቱ ሳልስማማ መቀበሌን ብቻ ለማረጋገጥ።» ቀኑን ጨምሪበት። የራስሽን ቅጂ ሳትይዢ አትለያዩ። ባዶ ቦታ የተተወለት ወረቀት ላይ ግን በፍጹም አትፈርሚ። አልቀበልም ማለት አንቺን አይጠብቅሽም። ደብዳቤውን ካላየሽው መልስ የምትሰጪበት ጊዜ ያልፍብሻል።

ከካሳንቺስ አካባቢ አንዲት እህት፦ «አባቴ ውጭ አገር ነው። ማስጠንቀቂያውን እኔ ፈርሜ ብሰጠው ተከራዩ አንቺን አላውቅሽም አለኝ።»

ተከራዩ እዚህ ላይ ነጥብ አለው። አባትሽ በኤምባሲ ውክልና ይስጡሽ። ውክልናው አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ይረጋገጣል። ቁጥር 2204 ከሦስት ዓመት ያልበለጠ ኪራይንና ገንዘብ መሰብሰብን እንደ ማስተዳደር ሥራ ስለሚያያቸው ጠቅላላ ውክልና ሊሸፍናቸው ይችላል። ቢሆንም «ማስጠንቀቂያ መስጠት፣ ውል ማቋረጥ፣ መክሰስ» የሚሉት ቃላት በግልጽ ቢጻፉ ከሙግት ትድኛለሽ። ከዚያ ደብዳቤውን አዲስ ጻፊ፤ «በውክልና ቁጥር ይህን ያህል» ብለሽ ፈርሚ፤ የውክልናውንም ኮፒ አያይዢለት። በአሮጌው ደብዳቤ ላይ አትድከሚ።

ማንበብና መጻፍ ስለማይችል ተከራይ ለጠየቁን፦ የማያነብ ሰው የጣት አሻራ ውል ላይ የሚያስገድደው በቁጥር 1728 መሠረት አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው። ደብዳቤ ስትሰጡትም በሁለት ምስክር ፊት አንብቡለት፤ በሚገባው ቋንቋ አስረዱት፤ ይህንንም ጻፉት።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሜክሲኮ አካባቢ ነው፦ «ሰኞ አዲስ ተከራይ ይገባል። ከመጀመሪያው ምን ባደርግ ነው እንዲህ ካለ ጣጣ የምድነው?»

ጥያቄውን በጊዜው ስላመጡት ደስ ብሎኛል። በቁጥር 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው። ስለዚህ ሰነድ በምን መንገድ እንደሚሰጥ ራሱ ውሉ ላይ ይጻፍ። የሁለታችሁም ስልክና የቴሌግራም ቁጥር፣ እናንተ ከሌላችሁ ወረቀት የሚቀበል አንድ አዋቂ ሰው ስም ይኑርበት። ቁልፍ ስታስረክቡ የቆጣሪውን ንባብ፣ የቁልፉን ብዛት፣ የተሰበረውን ሶኬት ሳይቀር ዘርዝራችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ውሉ ወረዳ ከተመዘገበ በኋላ ቅጂውን ሲሰጡትም ቀሪ ላይ ያስፈርሙት። አንቀጹን እንዲህ ብለው ሊያስገቡት ይችላሉ፦

«በዚህ ውል መሠረት የሚሰጥ ማናቸውም ማስታወቂያ በጽሑፍ ሆኖ በእጅ በፊርማ ይሰጣል፤ ወይም ከዚህ በላይ በተመዘገበው ስልክ ቁጥር በቴሌግራም ይላካል። አድራሻውን ወይም ስልኩን የለወጠ ወገን ለሌላው በጽሑፍ ያሳውቃል። ካላሳወቀ በፊተኛው አድራሻ የተላከው እንደደረሰው ይቆጠራል።»