ለጠባብ አዳራሽ የሜዳ ማጉያ

የተከበራችሁ የመድረክ፣ የድምፅና የመስተንግዶ ባልደረቦች፤

እንደ ወጉ እንኳን ደህና መጣችሁ። የምሽቷን ወጣት ድምፃዊት ማሞገስም ይጠበቅብኝ ነበር፤ እሱን ተመልካቹ ያደርስልኛል። እኔ የቆምኩት ስለ ማጉያው ነው። 120 ሰው በሚይዝ አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ለሜዳ የተሠራ ድምፅ ማጉያ ምን ይሠራል?

ቪሌጅ ቫንጋርድን የማያውቅ እዚህ የለም፤ ኒው ዮርክ ያለችውን የጃዝ ክለብ፣ ወደ መድረኩ እየጠበበች የምትሄደውን ምድር ቤት። እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1961፣ እሑድ፣ ቢል ኢቫንስ በፒያኖ፣ ስኮት ላፋሮ በደብል ቤዝ፣ ፖል ሞሺያን በድራም ከቀን እስከ ሌሊት አምስት ዙር ተጫወቱባት፤ ተቀዳም። መጀመሪያ ላይ መብራት ተቋርጦ ቅጂው ክፍተት አለበት። ብርጭቆ ሲጋጭ፣ ሰው ሲያወራ ይሰማል፤ የቤዙ ኖታ ግን አይጠፋም። ሞሺያን በዱላ ፈንታ በሽቦ ብሩሽ ይዳብሳል፣ ኢቫንስ ለቤዙ ቦታ ይለቃል፤ ማንም ማንንም አይጋፋም። ላፋሮ በ11ኛው ቀን በመኪና አደጋ ሞተ። 25 ዓመቱ ነበር። ያን ዕለት የተቀዳው ግን እስከ ዛሬ ይደመጣል።

እኛስ? ድምፃዊቷ «ራሴን አልሰማም» ትላለች፤ ሞኒተሯ፣ ወደ እሷ የዞረው ማጉያ፣ ይጨመራል። ድራመሩ ይታፈንበታል፣ አጥብቆ ይመታል። ቤዙ ይጠፋል፣ አምፑ፣ የራሱ ማጉያ፣ ይከፈታል። ፒያኖው ማይክ ይጨመርለታል። በሦስተኛው ዘፈን ማይኩ ያፏጫል። ከዚያ ምን ይባላል? «ልጅቷ ድምፅ የላትም»! ድምፅማ አላት፤ የቀበርነው እኛ ነን!

ስለዚህ ሳውንድ ቼክ፣ ከዝግጅቱ በፊት ያለው የድምፅ ሙከራ፣ የሚጀመረው ሁሉም ማጉያ ጠፍቶ ነው። ድራም በብሩሽ፣ ቤዝ፣ ፒያኖ ክዳኑ በአጭሩ ዘንግ ተደግፎ፤ አንድ ሰው መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ። ሦስቱ ሲመጣጠኑ የድምፃዊቷ ማይክ ብቻ፣ ከእነሱ ከፍ እስኪል ድረስ ይከፈት። ከዚያ በላይ አንዲት ጣት አይነካም። በማይኳ ላይ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ቁረጡ፤ ማይኩ ከንፈር ሲጠጋ ወፍራሙ ድምፅ ያብጣልና። ሞኒተሩ ካርዲዮይድ (ልክ ከኋላው የማይሰማ) ለሆነ ማይክ ልክ ከኋላው፣ ሱፐር ካርዲዮይድ (ከኋላው ጥቂት የሚሰማ) ከሆነ ግን ከኋላ ወደ ጎን ይቀመጥ። የማይኩን ራስ በመዳፍ መሸፈን ፉጨት ይጠራል፤ ለድምፃዊቷ ይህን በትሕትና፣ ከመድረክ በፊት ንገሯት።

ባዶ አዳራሽ ያታልላል። ሰው ሲሞላ ልብስና ገላ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል። ቀን የተስተካከለው ማታ የደነዘዘ ቢመስላችሁ እስከ ሁለተኛው ዘፈን ታገሡ፤ የእናንተም ጆሮ፣ የእሷም ጉሮሮ ይለምዳል።

15 ደቂቃ ሳውንድ ቼክ ሰጥቶ ጥፋቱን በወጣት ላይ መጣል ግን ነውር ነው። ነውር! ከአንድ ሰዓት ያነሰ አይበቃም።

መስተንግዶ፦ በዝግታ ዘፈን ላይ የበረዶ ማሽንና የቡና መፍጫ አይሠራም። ግድግዳው ታሪካዊ ነው፣ ሚስማር አይመታም፤ ገመድ ወለል ላይ በቴፕ ይያዝ።

ሳውንድ ቼኩ 10 ሰዓት ይጀመራል። ድራመሩ ብሩሹን እንዳይረሳ።