ከጅማ ወደ ኬንያዋ ማሊንዲ፦ ለአጭር የሰርፊንግ ጉዞ መሰናዶ

ምስል፦ ሳሎን ወለል ላይ በጠመኔ የተሰመረ የቦርድ ቅርጽ

ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ወርዱ ከ55 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር። ሰርፊንግ፣ ማለትም ቦርድ ላይ ቆሞ በማዕበል መንሸራተት፣ ለሚጀምር ሰው ቦርዱ ይህን ያህላል። ጅማ ሳላችሁ ወለላችሁ ላይ አስምሩት። በደረታችሁ ተኙ፣ መዳፋችሁን ከጎድናችሁ አጠገብ ትከሉ፣ ገፍታችሁ በአንድ ጊዜ ብድግ በሉ። መንበርከክ የለም። በየቀኑ 20 ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት። ማዕበሉ ላይ ሆኖ "የቱ እግር ይቅደም?" ብሎ ማሰቢያ ጊዜ አይገኝም።

ዋና የማይችል ቦርዱን ለጊዜው ይተወው። መጀመሪያ ሳያርፉ 100 ሜትር መዋኘት፤ ያውም በመዋኛ ገንዳ። የጅማው የቦዬ ውሃ እንደሆነ ባለቤት አለው፤ ጉማሬ።

የጉዞው ወቅት ክረምት ነው። ጅማ ዝናብ ሲወርድባት፣ በኬንያ ጠረፍ ኩሲ የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ማዕበሉን ይገፋል። ዲያኒና ዋታሙ የሚባሉትን የባሕር ዳርቻዎች የኮራል ዐለት ስለሚከልላቸው ማዕበሉ ሩቅ ተሰብሮ ተዳክሞ ይደርሳል። የማሊንዲ ባሕረ ሰላጤ ግን ለባሕሩ ክፍት ነው። ውሃው 25 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቁምጣና እጀ ረጅም የዋና ልብስ ይበቃል። ቦርድ ተሸክሞ መሄድ ጣጣ ነው፤ የሚያከራይ መኖሩን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ በአውሮፕላን ሞምባሳ፣ ከሞምባሳ በማታቱ (በኬንያ ሚኒባስ ታክሲ) 120 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ ካርዱ ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ።

ምስል፦ የባሕር ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ነው፤ "ሳ ሞጃ" ካሏችሁ ጠዋት 1 ሰዓት ማለት ነው። ሰንጠረዡ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው። ሙላት 07:00 ካለ የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። 7 ሰዓት ብላችሁ በቀትር ብትወርዱ ውሃው ሸሽቶ ታገኙታላችሁ፤ ከሙላት እስከ ጉድለት 6 ሰዓት ገደማ ነውና ስሕተቱ ልክ ተቃራኒው ላይ ይጥላችኋል። ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ የትናንቱን ሰዓት አትመኑ። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ሲበረታ የውሃውን ገጽ ያመሰቃቅለዋል፤ ስለዚህ በማለዳ ውረዱ።

ውሃው ውስጥ፣ የቦርዱ አፍንጫ ከጠለቀ በጣም ወደ ፊት ተኝታችኋል። ማዕበሉ ከሥራችሁ ሾልኮ ካለፈ ደግሞ ወደ ኋላ ቀርታችኋል ወይም ቀዘፋችሁ ዘግይቷል። በአራት ጣት ስፋት እየተንሸራተታችሁ አስተካክሉ። የቦርዱ ገመድ ከኋላ በሚቆመው እግር ቁርጭምጭሚት ላይ ይታሰራል። ከቦርዱ ስትወርዱ በእናንተና በሚመጣው ማዕበል መካከል አታስገቡት፤ ማዕበሉ ገፍቶ ፊታችሁን የሚመታው እሱ ነው። ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረት ከያዛችሁ አትታገሉት፤ ቦርዱን ሳትለቁ ከዳርቻው ጎን ለጎን ቅዘፉ፣ ጉተታው ሲላላ ማዕበሉ ወደሚሰበርበት ዞራችሁ ውጡ።