አገር ስጪኝ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ከበስተኋላዬ የምትሰሙት ዝናብ ነው። ያለሁት አራት ኪሎ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ወሩም ነሐሴ። መስኮቱን ዘግቼዋለሁ፤ ከታች ያሉት የቆርቆሮ ጣሪያዎች ግን ዝም አልል ብለዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀረጻውን ለነገ አሳድረው ነበር። ዛሬ የማወራችሁ ግን ዝናብ ገንዘብ ስለሚያቀልጥበት አገር ስለሆነ፣ ይዝነብ ብዬ ትቼዋለሁ።

ይህ አገር በየትኛውም ካርታ ላይ የለም። ያለው በእኔ ደብተር ውስጥና ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ በሚሰበሰቡ አራት ጓደኞቼ አፍ ላይ ነው። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ የሒሳብ መምህር፣ አንዱ ሾፌር፣ አንዷ ደግሞ ባንክ ውስጥ ትሠራለች። የሚና ጨዋታ እንጫወታለን። ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ሰው ተራኪ ይሆናል፤ እኔ ነኝ ማለት ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። እኔ «በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል» እላለሁ፤ እነርሱ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። የሚሳካ ወይም የማይሳካ ነገር ሲገጥም ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ በወጣው ቁጥር ላይ የገጸ ባሕርዩ ችሎታ ይደመርና ይፈረዳል።

የጨዋታው አባት የሆነው ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርኔሰን የፈጠሩት ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ ታትሞ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ነው። በእኛ 1966 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት። እዚህ አሮጌው ዓለም ሲናድ፣ እዚያ ማዶ ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው አዲስ ዓለም መሥራት ጀመሩ። ይህ መገጣጠም ከአእምሮዬ አይወጣም።

የመጀመሪያውን ዓለሜን ሦስት ወር ሙሉ ጽፌዋለሁ። የድንጋይ ግንብ ነበረው፣ የአሥራ አራት ትውልድ የንጉሥ ሐረግ ነበረው፣ ተራራው ላይ ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋ በረዶ ነበረው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሸለቆውን በረዶ ሸፍኖታል» አልኩ። ሾፌሩ ወዲያው «ጣሪያው ቆርቆሮ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በቋንቋችን ከሰማይ ረግቶ የሚወርደው ሁሉ በረዶ ነው፤ እርሱ የሰማው የሐምሌውን፣ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። እኔ ያሰብኩትን ዓይነት በረዶ እኔም ራሴ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ትንሽ ቆይታ የባንኳ ጓደኛዬ «አንቺ፣ የዚህ አገር ሰው በምንድን ነው የሚገበያየው?» አለችኝ። «በወርቅ።» «ወርቁ ከየት ይወጣል?» መልስ አልነበረኝም። ወደ ንጉሡ አያቶች ታሪክ ተመለስኩ። እርሷ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረች፤ ሌሎቹ ከጨዋነት የተነሣ ማዳመጣቸውን ቀጠሉ። ያን ማታ ብዙ አዘንኩ።

ጥያቄዋ ግን ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀኝም። በመጨረሻ አሞሌ ትዝ አለኝ።

አሞሌ ጨው እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአገራችን መገበያያ ነበር። በአፋር፣ ከባሕር ወለል በታች ካለው የጨው ሜዳ ተፈልጦ፣ በአራት ማዕዘን ተጠርቦ፣ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ ይወጣል። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ለአንድ ማሪያ ቴሬዛ ብር ጨው ሜዳው አጠገብ ብዙ አሞሌ ይሰጣችኋል፤ ወደ ደቡብ በወረዳችሁ መጠን ቁጥሩ እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ጨው ፈላጩ፣ ገንዘቡን በእጁ የሚያወጣው ሰው፣ ከሁሉም ድሃ ነው፤ ገንዘቡ የሚከብረው እርሱ በማይደርስበት አገር ነው። ይህን አንድ ነገር ወደ ዓለሜ ሳስገባው ሌላው ተከትሎት መጣ። ገንዘቡ በዝናብ ይሟሟልና በክረምት ዕዳ አይጠየቅም፤ ዳኛም አይቀመጥም። ሀብታም የሚታወቀው በጣሪያው ነው፤ ጣሪያ ላይ ጣሪያ ይደርባል። ባለዕዳ የሆነ ሁሉ ሰኔ እስኪገባ ይጸልያል። ሽፍቶች የሚያደፍጡት ከመንገዱ እኩሌታ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ሸክሙ ለዝርፊያ አይመችም፣ ዋጋውም ገና ነው። በሦስት ወር ያልጻፍኩትን በአንድ ሌሊት ጻፍኩ። የባንኳ ጓደኛዬ በሚቀጥለው ቅዳሜ ገጸ ባሕርይዋን ለውጣ ጨው ነጋዴ ሆነች። አሁን በዚያ ዓለም ከንጉሡ ይልቅ የምትፈራው እርሷ ናት።

ስለ ዕጣው ላጫውታችሁ። ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ፒያሳ ውስጥ ዞሬ አጣሁት፤ ከውጭ አገር የሚመጣ ሰው እስኪያመጣልኝ ድረስ ከ1 እስከ 20 የጻፍኩባቸውን ወረቀቶች አጣጥፌ ኩባያ ውስጥ እከት ነበር። መምህሩ ወረቀቱ ከወጣ በኋላ ተመልሶ መግባት አለበት ብሎ ድርቅ አለ። ልክ ነው፤ ሲመለስ ነው እያንዳንዱ ቁጥር ሁልጊዜ ከመቶ አምስት ዕድል የሚኖረው። አንድ ቅዳሜ ግን መመለሱን ረሳነው። ነርሷ በተከታታይ 2፣ 4፣ 1፣ 3 አወጣች፤ የገጸ ባሕርይዋ ነገር አለቀ ደቀቀ ስንል መምህሩ ኩባያውን አየና ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ትንንሾቹ እኮ አልቀዋል» አለ። ቀሪዎቹ ወረቀቶች ሁሉ ከእነዚያ የተሻሉ ነበሩ።

ስህተቱን አላረምነውም። በቆላው ዳርቻ ያለች አንዲት ከተማ ሕግ አደረግነው። በዚያች ከተማ ዕጣ አይመለስም። መከራ ያየ ሰው መከራው ይጎድልለታል፤ ሲሳካለት የኖረ ሰው ደግሞ በጧት ሲነሣ ኩባያው ውስጥ ምን እንደቀረለት ያስባል። ከዚያች ከተማ የመጣ ሽማግሌ ሲያጋጥማችሁ በመጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት ወረቀት ቀረዎት?» ብላችሁ ነው። ዳይሱ ከመጣ በኋላ እንኳን፣ ወደዚያች ከተማ ስንገባ ኩባያውን እናወጣለን።

ዋናዋን ከተማ የሠራሁት ከዚህችው ከተማ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የሰፈሮች ስብስብ ነበረች፤ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታው ላይ፣ መኳንንቱ ከነጭፍራቸው በየተሰጣቸው ቦታ፣ በመካከል ወንዝና ገደል። ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ መስፈርን፣ ድንኳን መትከልን ይዟል። ስሞቹንም ስሙልኝ፦ ሠራተኛ ሰፈር፣ አፍንጮ በር፣ ውቤ በረሃ፣ ሰባ ደረጃ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ። «እሪ በከንቱ» ሲባል ጨለማው፣ ወንዙ፣ ጮኾ ደራሽ ያጣው መንገደኛ ሁሉ በሁለት ቃል ውስጥ አሉ። ስለዚህ ለከተማዬ ጥሩ የሚመስል ስም መፈለጌን ተውኩ። ለእያንዳንዱ ሰፈር መጀመሪያ እዚያ የደረሰውን ነገር አስባለሁ፤ ስሙ ከዚያ ይወጣል። ጨው ሜዳው መውጫ ላይ «ላብ አይቆጠር» የሚባል ሰፈር አለ። ይህን ያወጣው ሾፌሩ ነው።

አያቴ የኖሩት ዶሮ ማነቂያ ነበር። ማታ ማታ እንቆቅልሽ ያጫውቱን ነበር። «እንቆቅልሽ!» ይላሉ፤ «ምን አውቅልሽ!» እንላቸዋለን፤ አንቱ የምንላቸውን አያታችንን አንቺ የምንለው በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር። «ስሄድ አገኘሁት፣ ስመለስ አጣሁት።» መልሱ ጤዛ ነው። ያልመለሰ አገር ይሰጣል። «አገር ስጪኝ!» ይሉኛል፤ ሐረርን እሰጣለሁ፣ ጅማን እሰጣለሁ፤ ጎንደርን ግን ደብቄ አስቀር ነበር፤ የሚያምር ግንብ አለው ስለተባልኩ አልሰጥም እላለሁ። ልጅ ሆነን አገር ሙሉ እንደ ብይ ተቀያይረናል።

ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ። አያቴ ከዚያ በፊት አርፈዋል።

የጨዋታችን ትልቁ ደንብ የመጣው ከእርሳቸው ነው። ተጫዋች ስለ ዓለሙ ጠይቆኝ መመለስ ካቃተኝ፣ አገር እሰጣለሁ። ያ ቦታ የጠያቂው ይሆናል፤ ስሙንም ሕጉንም እርሱ ያወጣል፤ እኔ ከዚያ በኋላ ልቀይረው አልችልም። ንጉሡንና አሥራ አራቱን አያቶቹን ይዤ የተቀመጥኩበት ያ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጎንደርን የደበቅኩበት ማታ ራሱ ነበር። አሁን ከካርታው ግማሹ የእኔ አይደለም። ጓደኞቼም በመስኮት አያዩም፤ የራሱን አገር ሲያጠቁበት ማን በመስኮት ያያል?

ባለፈው ቅዳሜ ነርሷ ካርታው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ዋናዋ ከተማ ውስጥ ወደ ወንዙ የሚወርድ ረጅም ደረጃ አለ። «ከደረጃው በታች ማን ይኖራል?» አለችኝ። ደረጃውን የሣልኩት እኔ ነኝ። ከበታቹ ምንም አልሣልኩም፤ ነጭ ወረቀት ነው። መልስ ፈለግሁ፤ አፌ ላይ የመጣው ሁሉ የአያቴ ግቢ ነበር፣ እርሱን ደግሞ ማውጣት አልቻልኩም። «አላውቅም» አልኩ። «እንግዲያው አገር ስጪኝ» አለች።

ተራራም ወንዝም በደስታ የሰጠሁ ሰው፣ ያን ጊዜ እጄ ከበደኝ። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው፤ ሰጠኋት። ጎንበስ ብላ ጻፈችና አነበበችልን፦ «በዚህ ሰፈር በር ሲንኳኳ ማነው አይባልም። ግቡ ነው የሚባለው።» ምናልባት ሌሊት ሌሊት በር ሲንኳኳባት የምታድር ሰው ስለሆነች ነው ያሰበችው፤ አልጠየቅኋትም። አያቴን አታውቃቸውም። በራቸውን ያንኳኳውን ሰው ሳያዩ፣ ከምድጃው አጠገብ ሳይነሡ፣ «ግቡ!» ይሉ እንደነበር ለማንም ነግሬ አላውቅም።

የፊታችን ቅዳሜ ደረጃውን ይወርዳሉ። ተራኪዋ እኔ ነኝ፤ ከታች ያለውን የምታውቀው ግን እርሷ ናት። በእኛ ዓለምም አሁን ክረምት ነው። አራቱም ጨዋቸውን በቆዳ ጠቅልለው፣ ደረጃው አናት ላይ ዝናቡ እስኪያባራ እየጠበቁ ናቸው።